«ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም»፦ ስለ አራስ ልጅ ሳንባ ምች

(ይህ ድሬዳዋ ላይ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ በቃል ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ሰዎች ስለጠየቁኝ ወደ ጽሑፍ አመጣሁት።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ማራገቢያው ጠጋ በሉ። አራስ ልጅ የያዛችሁ እናቶች ደግሞ እዚህ ፊት ተቀመጡ። ቆይቼ እፈልጋችኋለሁ።

እኔ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። የምንከባከበው ከተወለዱ 28 ቀን ያልሞላቸውን ልጆች ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ሳንባ ምች ነው። ስለ ትልልቅ ልጆች ሳንባ ምች ብዙ ሰምታችኋል። የአራሱ ግን ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ እስኪገባኝ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የገባኝም ከደብተር ብቻ አይደለም።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ታላቅ እህቴ ለገሃሬ ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። ልጁ ሙሉ ጊዜውን ጠብቆ ተወለደ፣ ጮኸ፣ ጠባ። በአምስተኛው ቀን ዝም አለ። ጡቱን ይጎርሳል፣ ሁለት ሦስቴ ይስብና እንቅልፍ ይወስደዋል። አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች በየተራ አቀፉት። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም!» አሉ። እኔም አቅፌው ነበር። ራሱ ትከሻዬ ላይ፣ አፉ ጆሮዬ ሥር። አየር ባወጣ ቁጥር «እህ... እህ...» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማኛል። ሕልም የሚያይ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ማታ እህቴ ፈራች። ወደ ጤና ተቋም ወሰድነው። ሙቀቱ ተለካ፣ ትኩሳት የለውም። ሳልም የለውም። «ደህና ነው፣ ጡት አጥቢው» ተብለን ተመለስን። ሳይነጋ አረፈ።

ትኩሳት የለውም፣ ሳል የለውም። የተነገረን ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥም አልነበረውም። ችግሩ ሁለቱ ከሌሉ ሳንባ ምች የለም ተብሎ መታሰቡ ነው። ትኩሳትና ሳል ሰውነት ራሱን ሲከላከል የሚያሰማው ድምፅ ነው። አራስ ልጅ ገና በዚያ መንገድ መከላከል አልጀመረም። ስለዚህ ሕመሙ ዝም ይላል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ ዝምታ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። «ምች» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ፀሐይ የመታው ሰው፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል፣ በእጅ ታሽቶ የሚሸተት ዳማከሴ። ሳንባ ምችም ያንኑ ስም ስለያዘ ነፋስ ወይም ብርድ የሚያመጣው ይመስለናል። ስለዚህ መስኮት እንዘጋለን። ልጁን በጋቢ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ በብርድ ልብስ እንጠቀልላለን። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦትና በሰኔ! አራስ እንዳይበርደው መጠንቀቅ ትክክል ነው፣ እናቶቻችን እዚያ ላይ አልተሳሳቱም። ሳንባውን የሚያሳምመው ግን ጀርም ነው። ጀርሙ በሳንባ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያስቆጣል። ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። አየር መግባት በሚገባው ቦታ ፈሳሽ ሲተኛ ኦክስጅን ወደ ደም መሻገር ያቅተዋል። ሕመሙ ይኸው ነው።

ጀርሙ ከየት ይመጣል? እንደ ዕድሜው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚታይ ሳንባ ምች አብዛኛውን ጊዜ ከእናት የመጣ ነው። የሽርት ውሃ ቀድሞ ፈሶ ምጥ ሲዘገይ፣ በተለይ ከ18 ሰዓት በላይ ሲቆይ፣ በማህፀን በር አካባቢ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ልጁ በማህፀን ውስጥ እያለ ሽርት ውሃውን ወደ ሳንባው ያስገባል፣ ያስወጣል። ውሃው ከተበከለ ሳንባው ገና ሳይወለድ ይታመማል። ለዚህ ነው «ውሃዬ ፈሷል፣ ምጡ ግን አልመጣም» ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ የምንለምናችሁ። ምጥ ላይ ያለች እናት ትኩሳት ካላትም ልጁ አደጋ ላይ ነው።

በሀብታም አገሮች በዚህ ጊዜ ዋናው ተጠያቂ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በብዙዎቹ እርጉዝ ሴቶችን መርምረው፣ ባክቴሪያው ከተገኘ ምጥ ላይ እያሉ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጧቸዋል። እንደኛ ባሉ አገሮች ኢ-ኮላይና ክሌብሴላ ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። እነዚህ በአንጀት የሚኖሩ፣ በእጅና በዕቃ የሚዛወሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጎረቤታችን ሐረር ላይና ቀርሳ ላይ የሚካሄድ ቻምፕስ የሚባል ጥናት አለ። ሀሮማያ ዩኒቨርሲቲም አለበት። ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡ ከፈቀደ ከሳንባውና ከሌሎች ክፍሎቹ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ይህንኑ ሥራ በሌሎች የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮችም ይሠሩታል። ከጨቅላዎቹ ሞት ጀርባ ደጋግሞ የተገኘው ክሌብሴላ ነው። በሐዘናቸው መካከል «እሺ፣ ምክንያቱ ይታወቅ» ያሉ ወላጆች ናቸው ይህን ያስተማሩን። በዚህ አጋጣሚ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ከእኛ ነው። ከእጃችን፣ ከሳላችን፣ ከመሳማችን። ሆስፒታል ለሚቆይ ልጅም የሠራተኛው እጅ፣ የኦክስጅኑ ቱቦ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው መንገድ ይሆናሉ። ይህን የምናገረው በራሴ ሙያ ላይ ነው። እጃችሁን ሳትታጠቡ ልጄን አትንኩ ብላችሁ ብትቆጡን አይከፋንም።

ቫይረስም አለ። ለትልቁ ሰው ተራ ጉንፋን የሆነው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ለአራስ ልጅ ከባድ ነው። በፈረንጆች 2023 አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ለእርጉዝ ሴቶች የሚሰጥ የአርኤስቪ ክትባት ተፈቅዷል። ከእናት በወሊድ የሚተላለፍ ክላሚዲያ ደግሞ ለየት ያለ ነው። መጀመሪያ የልጁን ዓይን ያዝረበርባል። ሳንባ ላይ የሚታየው ዘግየት ብሎ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳት ሳይኖር ቆረጥ ቆረጥ የሚል ሳል ያስላል።

እኛ ራሳችን የምናመጣውም አለ። ሆዱ እንዲለሰልስ ተብሎ የሚዋጥ ቅቤ፣ በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ለምች ተብሎ በአፍ የሚጨመር የዳማከሴ ጭማቂ። አራስ ልጅ እነዚህን ወደ ሳንባው ሊስባቸው ይችላል። ቅቤና ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። የአራስ ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት፣ ዕጣንና ኡንሲ ማጨስም የአየር መንገዱን ይጎዳል። ቡናው ይፈላ፣ ግን በረንዳ ላይ። እንጥል ማስቆረጥማ ስንቱን እንዳሳጣን የአራስ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ልጁ እንዴት ነው ራሱን የሚከላከለው?

«የአራስ ልጅ በሽታ የመከላከል አቅም ደካማ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ ደካማ የሚለውን ቃል አልወደውም። አስቡት። ዘጠኝ ወር ሙሉ በእናቱ ማህፀን የኖረ ልጅ ነው። ግማሹ ከአባቱ የመጣ ነው፣ ለእናቱ ሰውነት እንግዳ ነው። እሷም ለእሱ እንግዳ ናት። ሁለቱ እየተዋጉ ቢሆን ኖሮ እርግዝና አይኖርም። ስለዚህ የልጁ መከላከያ አስቀድሞ የሚማረው መታገሥን ነው። ከተወለደ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ቆዳውና አንጀቱ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይሞላል። አብዛኞቹ የሚጠቅሙት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቢቆጣ ገና ለጋ የሆነውን ሳንባውን ራሱ ያቃጥለዋል። ትዕግሥቱ ዓላማ አለው። ዋጋም አለው።

ዋጋው ይህ ነው። ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኙት በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ የሚጠብቁ ትልልቅ ሴሎች ናቸው፤ ማክሮፋጅ ይባላሉ። ልጁ ሲወለድ እነዚህ ጠባቂዎች ጥቂት ናቸው። የሚበዙትና የሚበስሉት አየር መተንፈስ ከጀመረ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ ነው። ጠባቂው ጠላት ሲያይ ሌሎችን የሚጠራበት መልእክት አለ። የአዋቂው መልእክት ጩኸት ነው። ትኩሳት የሚያስነሳውም እሱ ነው። የአራሱ ግን ለስለስ ያለ ነው። እንዲያውም «ተረጋጉ» የሚለው መልእክት ይበዛበታል።

የተጠሩት ነጭ የደም ሴሎች ኒውትሮፊል ይባላሉ። በአራሱ ደም ውስጥ አሉ፣ ግን ወደ ሳንባው ለመድረስ ዝግ ይላሉ። ከሁሉ የከፋው መጠባበቂያ የሌላቸው መሆኑ ነው። እኔና እናንተ ስንታመም መቅኔያችን ተጨማሪ ይልካል። የአራሱ ጎተራ ቶሎ ባዶ ይሆናል። አንድ አባት የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ መጥቶ «ሲስተር፣ ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ብሏል፣ ኢንፌክሽኑ ለቀቀው ማለት ነው አይደል?» ብሎኝ ያውቃል። ደስ ብሎት ነበር። በአራስ ልጅ ግን ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ ጎተራው እያለቀ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ተቀምጬ ለማስረዳት ቃል አጠረኝ። ባክቴሪያ ላይ ተለጥፈው እንዲዋጥ የሚያደርጉት ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችም ከአዋቂው ግማሽ ገደማ ናቸው።

ታዲያ ልጁ ባዶ እጁን ነው የመጣው? አይደለም። እናቱ ስንቅ ቋጥራለታለች።

በእርግዝናው መጨረሻ ወራት እንግዴ ልጁ ከእናትየዋ ደም ውስጥ አይጂጂ የሚባሉትን፣ ጀርም የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት እየመረጠ ወደ ልጁ ያሻግራል። በ33ኛው ሳምንት ገደማ የልጁ ክምችት የእናቱን ያህል ይደርሳል። ጊዜውን ጨርሶ ሲወለድ እንዲያውም ይበልጣታል። እርጉዝ ሴት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የምትወስደው ለዚህ ነው። መርፌው የተወጋው የእሷ ክንድ ላይ ነው፣ የሚጠበቀው ግን ልጁም ጭምር ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይህን ስንቅ ሳይጭን ነው የወጣው። በሰባት ወሩ የተወለደው ቶሎ የሚታመመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስንቁ ግን እናትየዋ የምታውቀውን ጀርም ብቻ ነው የያዘው። አግኝታው የማታውቀውን የሆስፒታል ክሌብሴላ ፀረ እንግዳ አካል ልታወርሰው አትችልም። ቀሪው ስንቅ በጡት ነው የሚመጣው። ያ ወፈር ያለ ቢጫ እንገር አይጂኤ በሚባል ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል የተሞላ ነው። የልጁን ጉሮሮና አንጀት ከውስጥ ይለስነዋል። ጀርም የሚለጠፍበት ቦታ ያጣል። በቤታችሁ ያለውን ጀርም እናት ትተነፍሰዋለች፣ ሰውነቷ ያውቀዋል፣ በጡቷ መልሱን ትልካለች። «ቆሽሿል» ተብሎ የሚታለበውና የሚደፋው እንገር ይህ ነው። በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ።

ስለ ክትባት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በፈረንጆች 2007 ሂብ የሚባለውን ባክቴሪያ፣ በ2011 ደግሞ ኒሞኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ የሚከላከሉ ክትባቶችን ጀምራለች። ሁለቱም በሳንባ ምች ላይ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የሚጀመሩት ግን በ6 ሳምንት ነው። በፈረንጆች 2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ልጆች 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በዚያ ወር ያላቸው ጋሻ እናታቸውና የእኛ ዓይን ነው።

ምን እንይ? መጀመሪያ አጠባቡን። ትናንት በደንብ ይጠባ የነበረ ልጅ ዛሬ ከተወ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሌላ ምልክት አትጠብቁ። ሙቀቱን እዩ። 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ከ35.5 በታች መውረድም እኩል አደገኛ ነው። ድሬ እየነደደች የልጁ ሆድና እግር ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ። እናትየዋ በእጇ ዳስሳ «ተመስገን፣ ትኩሳት የለውም» ብላ ነበር።

ደረቱን እዩ። የአራስ ጎድን ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ሰርጎድ ማለቱ ያለ ነው። የታችኛው ደረት በጣም ሲሰረጎድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ በየትንፋሹ ሲሰፋ፣ ከንፈሩና ምላሱ ሲጠቁር፣ ትንፋሹ 20 ሰከንድ ያህል ቀጥ ሲል ግን ሩጡ። ያቺን «እህ... እህ...» ደግሞ አድምጡ። ልጁ እያቃሰተ ያለው ስለሚያመው አይደለም። የአየር ከረጢቶቹ እየተጣበቁበት ነው። እንዳይዘጉ ብሎ አየሩን በጉሮሮው ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። በአምስት ቀኑ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ሳንባውን በገዛ ጉሮሮው ደግፎ ይዟል። ያን ቀን ትከሻዬ ላይ የእህቴ ልጅ ይህን ነበር የሚሠራው።

ትንፋሽም ይቆጠራል። እዚህ ላይ የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፈው። ከፊት የተቀመጠች እናት 19 ቀን የሆነው ልጅ ይዛ ነበር። በእሷ ፈቃድ ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ ሞላሁ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ሆዱ ከፍ ሲል አንድ፣ ከፍ ሲል ሁለት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርን፣ ምክንያቱም አራስ ትንፋሹ ወጥ አይደለም፤ ፈጠን ይላል፣ ለጥቂት ሰከንድ ያርፋል። 64 ሆነ። እናትየዋ ደነገጠች። 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን እንደሆነ አሁን ነግሬያት ነበር። ልጁ በወፍራም ጋቢ ተጠቅልሏል፣ አንገቱ በላብ ርሷል። አያቱ ጋቢውን ፈታችለት። ጠባ፣ ተረጋጋ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግመን ቆጠርን። 51። ሙቀትም ልቅሶም ትንፋሽ ያፈጥናል፣ ለዚህ ነው ሁለቴ የሚቆጠረው። ሁለተኛውም 60 ከሞላ ግን ቤት አይታደርም።

ሆስፒታል ስትደርሱ ሐኪሙ «ሳንባ ምች ነው» ወይም «ደሙ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ቁርጡን ባይነግራችሁ አትናደዱ። በአራስ ልጅ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ራጅም ሁልጊዜ አይለያቸውም፣ ደም ውስጥ ያለውን ጀርም የሚያሳየው የደም ካልቸር ምርመራ ውጤትም ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ሳንጠብቅ እንጀምራለን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአምፒሲሊንና በጄንታማይሲን። ኦክስጅን ያስፈልገዋል። የአየር ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚይዝ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያም አለ። የልጁን ማቃሰት ሥራ ተረክቦ የሚሠራለት እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ደህና ሲመስል ይዛችሁ አትውጡ። መድኃኒቱ ይለቅ። ገጠር ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የመጀመሪያውን መድኃኒት ጤና ኬላ ላይ እንዲሰጡ ሠልጥነዋል። ሆስፒታል ሩቅ ነው ብሎ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።

አንድ ልመና አለኝ። በሰባተኛው ቀን ሙስሊሙ ጋ የአቂቃ ድግስ አለ። ክርስቲያኑም ጋ ገንፎውና ጥየቃው በዚያው ሳምንት ነው። እንግዳ የሚበዛበት ሳምንት ልጁ በጣም የሚሳሳበት ሳምንት ነው። በእድርም፣ እንደ እድር ባለው በአፎቻም ተነጋገሩበት። እናትየዋን ጠይቋት፣ አብሏት፣ መርቋት። ልጁን አትሳሙት። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ።

ስጨርስ ጥያቄ አለ ወይ አልኩ። ያቺው ጋቢ የፈታችው አያት እጇን አነሳች።

«ሲስተርዬ፣ ልጄ፣ የተናገርሽው ሁሉ ገብቶኛል። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢያመው ምን ላድርግ? ባጃጁ ክፍት ነው። ነፋስ እየመታው ልውሰደው?»

እንዲህ አልኳት። እማማ፣ እናትየዋ ልብሱን ታውልቅለትና ደረቷ ላይ፣ ጡቶቿ መካከል ትለጥፈው። ቆዳው ቆዳዋን ይንካ። ኮፍያ አድርጉለት። ከላይ በዚያው ጋቢ ሁለቱንም አንድ ላይ ሸፍኗቸው፣ ፊቱ ግን ክፍት ይሁን። መጥባት ከቻለ መንገድ ላይ ይጥባ። እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ትንፋሹን እያዩ ይሂዱ።

«በሌሊት?» አለችኝ ደግማ።

በሌሊት፣ እማማ። አሁኑኑ።